ቸልታ ያቆያቸው ታፔላዎች

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ቤቶች ይፈርሱ በነበረበት ሰሞን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ስወጣ አንድ የእንጨት በር ከነመቃኑ በፍርስራሽ ክምር ላይ ተጋድሞ አየሁ። ግድግዳውም ጣሪያውም የለም። መቃኑ ላይ ግን ሦስት የቆርቆሮ ሰሌዳዎች አንዱ ከሌላው በታች እንደተቸነከሩ ነበሩ። የላይኛው ዝጎ ቁጥሩ ሊጠፋ ቢደርስም «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ይነበባል። መካከለኛው «ቀበሌ» ይላል። የታችኛው ከሁሉም አዲስ ሲሆን የወረዳና የቤት ቁጥር ይዟል። በሩን መኪና ላይ ሊጭን የመጣውን ወጣት የቀን ሠራተኛ የላይኛዋን እንዲያወልቅልኝ ለመንኩት። «ለምን ትሆንሃለች ጋሼ? ቆርቆሮ እኮ ናት» አለና በመዶሻው ጆሮ ፈልቅቆ ሰጠኝ።

ቆርቆሮዋ ዛሬ ቤቴ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝም እርሷ ናት። በመሐል አዲስ አበባ ስላለ ቅርስ ሲወራ የምንሰማው ስለ ቤቶች፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ሐውልቶች ነው። የጎዳና ስም የያዙ ሰሌዳዎች፣ የቤት ቁጥሮች፣ ብርሃን ከሰጡ ዓመታት ያለፋቸው የትራፊክ መብራቶች፣ ቀለማቸው የነጣ የፌርማታ ምልክቶች በዚህ ወሬ ውስጥ ቦታ የላቸውም። እስካሁን የቆዩትም ማንም ጠብቋቸው አይደለም፤ ማንም ከቁም ነገር ስላልቆጠራቸው ነው። ዘበኛቸው ቸልታችን ነበር። ያ ዘበኛ አሁን ሥራውን ለቋል። የኮሪደር ልማቱ ከእግረኛ መንገዱ ንጣፍ እስከ መብራት ምሰሶው፣ ከአጥሩ እስከ ሱቁ ታፔላ ድረስ ሁሉን በአንድ ጊዜ እየቀየረ ነው። ከእንግዲህ የሚተርፈው ይትረፍ ተብሎ የተወሰነለት ብቻ ነው።

የቸልታው ምክንያት ግልጽ ነው። አዲስ አበቤ መንገድ ሲያመለክት የጎዳና ስም አይጠራም። «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለህ፣ ከፋርማሲው አጠገብ ስትደርስ ደውልልኝ» ይላል። ደብዳቤ እንኳ የሚደርሰን በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በጎዳና ስምና በቤት ቁጥር አልነበረም። ፖስተኛ በየደጁ በሚዞርበት ከተማ የመንገድ ስም ሲቀየር አሮጌው ሰሌዳ በቶሎ መነሳት አለበት፤ አለዚያ ደብዳቤ ይጠፋል። እዚህ ግን አሮጌው ሰሌዳ ማንንም አያሳስትም፤ ማንም አያነበውምና። እናም አዲሱ ከአሮጌው አጠገብ ይሰቀላል፣ አሮጌው እዚያው ይዝጋል። መሐል ከተማው በዚህ ሁኔታ ሳያውቀው ማህደር ሆነ።

የቤት ቁጥሯን በምሳሌነት እንውሰድ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በኋላ ሁላችንም ቀበሌ ብለን የጠራናቸው፣ በዚህ አዋጅ ተቋቋሙ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ የተወረሱ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች ተከፈለች፤ በየከፍተኛው ሥር ቀበሌዎች ተደራጁ። ቤት ሁሉ ቁጥር አገኘ።

ያ ቁጥር ብዙ ነገር ያደርግ ነበር። ስኳርና ዘይት ከኅብረት ሱቅ የሚወሰደው፣ የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው፣ የቤተሰቡ ቅጽ የሚሞላው በእርሱ ነው። በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ በኋላም ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለጉ ቀበሌው ማን የት እንደሚኖር ያውቅ ነበር። ያቺ የዛገች ቆርቆሮ ለአንዱ ቤተሰብ የራሽን ቁጥር ስትሆን ለሌላው ልጁን ፈልገው የመጡበት ደጅ ምልክት ናት። ሁለቱንም የምትናገር ሌላ ዕቃ በዚያ ቤት ውስጥ ነበረች ብዬ አላምንም።

በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች እንደገና ስትዋቀር ከፍተኛ ቀረ፤ ቀበሌዎች ተቀላቀሉ፤ ቁጥራቸው ተቀየረ። ቆይቶ ወረዳ የቀበሌን ቦታ ወሰደ፤ ለሚ ኩራም ተጨምሮ ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆኑ። አሮጌዎቹን ቆርቆሮዎች ያወለቀ ግን የለም። ለዚህ ነው በአራዳ አሮጌ በሮች ላይ የሦስት ሥርዓት አስተዳደር ከላይ ወደ ታች የሚነበበው። «የቤት ቁጥር አዲስ» የሚለው ሐረግ በየቅጹ ላይ መለመዱም የዚሁ ታሪክ ጅራት ነው፤ ቁጥሩ ከቤቱ ጋር መራመድ ሲያቅተው «አዲስ» ራሱ ቁጥር ሆነ።

የጎዳና ስሞቹ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ መሐል ከተማው የባለውለታ ስም በየመንገዱ ሰቀለ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ሆነ፤ ፒያሳ አካባቢ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ የጄኔራል ካኒንግሃም ስም ገባ። ፈረንሳዊው ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎል በነሐሴ 1958 ዓ.ም. አገራችንን ጎብኝተዋል፤ ፒያሳ ላይም ደጎል አደባባይ አለ። ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ላልተቀበለች አገር ምስጋና ነው፤ በሜክሲኮ ዋና ከተማም በአጸፋው የኢትዮጵያ ስም ያለው አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ከእነዚህ ውስጥ የቸርችልንና የሜክሲኮን ስም ሕዝቡ አፉ ላይ አኖረ፤ ካኒንግሃምን ግን ፒያሳ ያደገ ሰው እንኳ አይጠራውም። ያ ስም ያለ ሰሌዳ የሚኖርበት ቦታ የለውም። ሰሌዳው ከወደቀ ስሙ ወደ አሮጌ ካርታ ይመለሳል።

በተቃራኒው ሰሌዳ ሳያስፈልጋቸው የኖሩ ስሞች አሉ። ካዛንቺስ የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራበት ተቋም ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው፤ ፒያሳና መርካቶም ጣሊያንኛ ናቸው፤ ለገሃር የፈረንሳይኛው «ጣቢያው» ነው። አስመራ መንገድ በሰሌዳው ላይ የኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና ከሆነ ዓመታት ቢያልፉም የታክሲ ረዳት አሁንም «አስመራ መንገድ» ይላል። መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ቆይቶ ወደ ስሙ ተመለሰ። አፍ ጠንካራ ነው፤ ሰሌዳ ደካማ ነው። እንግዲህ ጥበቃ የሚሻው ደካማው ነው።

በእነዚህ አሮጌ ሰሌዳዎች ላይ አንድ ሌላ የምወደው ነገር አለ፤ አጻጻፋቸው። «ጐዳና» በ«ጐ» ተጽፎ፣ «ሥላሴ» በንጉሡ «ሠ»፣ «ኃይለ» በብዙኃኑ «ኀ» ተለይቶ ይታያል። ዛሬ ጎዳናን በ«ጎ» የምንጽፍ ብዙዎች ነን፤ እኔም እዚህ እንዲሁ ጽፌዋለሁ። ፊደል ሠዓሊው ብሩሹን ይዞ ሲጽፍ የዘመኑ የፊደል ልማድ አብሮ ተጻፈ። የአማርኛ ፊደል አጣጣል በአደባባይ ከአሥር ዓመት ወደ አሥር ዓመት እንዴት እንደተለወጠ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከታፔላ የተሻለ መረጃ አያገኝም። አሁን በየሱቁ የሚሰቀሉት አዳዲስ ታፔላዎች ከኮምፒውተር በወጡ ጥቂት የፊደል ቅርጾች የሚጻፉ ናቸው።

ወደ ትራፊክ ምልክቶች ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። ኢትዮጵያ በመንገድ ግራ መንዳት ትታ ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። አስቡት፤ በአንድ ቀን የአገሪቱ ምልክት ሁሉ ለአሽከርካሪው ጀርባውን የሰጠበት ቀን ነው። በግራ ለሚመጣ መኪና የቆመ ምልክት ከዚያ ቀን በኋላ የሚያየው ባዶ መንገድ ነው። መነሳት ነበረበት። ከዚያ ዘመን በፊት የቆመ ምልክት ዛሬ በቦታው ማግኘት ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ የማቆሚያ ምልክት ከሌላው ዓለም የሚለይበት ነገር ቢኖር «ቁም» የሚለው ቃል ነው። ስምንት ማዕዘኑና ቀዩ የዓለም ነው፤ ሁለቱ ፊደላት የእኛ ናቸው። አማርኛ ታላቅን በ«እርስዎ» እየጠራ የሚኖር ቋንቋ ሆኖ ሳለ መንገድ ላይ ግን ሽማግሌውንም ሚኒስትሩንም «አንተ» ብሎ ያዛል። «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውም እንዲሁ። መንጃ ፈቃድ የተማርኩ ጊዜ ይህ ነገር ገርሞኝ ነበር፤ ዛሬም ይገርመኛል። አዛዡ ምልክት በሁሉም ላይ እኩል ሥልጣን አለው፤ ከእርሱ ጋር ክርክር የለም።

ችግሩም ከዚሁ ከሥልጣኑ ይጀምራል። አሮጌ የትራፊክ መብራት ሲጠፋ ምሰሶው ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ትእዛዙም በከፊል ይቀራል። የድሮዎቹ መብራቶች ከባለቀለም መስታወት በስተጀርባ ባለ ክር አምፖል፣ ከአምፖሉ ጀርባ ደግሞ አንጸባራቂ ሳህን ነበራቸው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስትመታቸው ብርሃኑ ሳህኑ ላይ ተንጸባርቆ የጠፋው መብራት የበራ ይመስላል። ከየመስታወቱ በላይ ያለው ኮፍያ የሚመስል ክዳን የተሠራው ይህን ለመቀነስ ነው። ክዳኑ በወደቀበት መብራት ላይ የምሥራቅ ፀሐይ ስትወጣ ቀዩም አረንጓዴውም የበሩ መስለው ይታያሉ። የአሁኖቹ የኤል ኢ ዲ መብራቶች በብዙ ያነሰ ኃይል ይወስዳሉ፤ አንድ አምፖል ሲቃጠል ሁሉ የሚጨልምበት ችግርም የላቸውም። አሮጌው መብራት ይቁም ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። የእግረኛ ሕይወት ያለበት ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምልክት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል፤ የሚያዝና የሚናገር። የሚያዝ ምልክት ጊዜው ካለፈ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ከመንገድ መነሳት አለበት። በአንድ ወቅት ግራ መታጠፍ የተከለከለበት፣ ዛሬ የተፈቀደበት ቦታ ላይ አሮጌው ክልከላ ቢቆም አደጋ ነው። የሚናገር ምልክት ግን ማለትም የጎዳና ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የፌርማታ ስም ጊዜው ቢያልፍም አይዋሽም። «ይህ በአንድ ወቅት ከፍተኛ ይባል ነበር» ማለቱ እውነት ነው። የመጀመሪያው ቦታው ሙዚየም ነው። የሁለተኛው ቦታው ግን ግድግዳው ነው፤ ከግድግዳው ከተነቀለ ግማሽ ትርጉሙ ይወድቃል። መደርደሪያዬ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ይህን አስተምራኛለች፤ የየትኛው ደጅ እንደነበረች የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ያለው አሠራር ሁለቱን አይለይም። የሚነሳው ሁሉ አብሮ ይነሳል፤ ብረቱና አሉሚኒየሙ የውዳቂ ብረት ገበያ ውስጥ ይገባል። ምናለሽ ተራ ማለት ብረት ሁሉ ሌላ ነገር ሆኖ የሚወለድበት ቦታ ነው፤ የከሰል ምድጃ፣ መጥበሻ፣ የበር ማጠፊያ። ለእነዚያ ባለሙያዎች ታላቅ አክብሮት አለኝ። የጎዳና ስም የተጻፈበት ብረት ምድጃ ሲሆን ግን ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ እነርሱ ጋ እንዲደርስ የፈቀድን የእኛ ነው።

ሕጉ ጠባብ ነው እንዳንል ጠባብ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሰው የፈጠራና የሥራ ውጤትነቱ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በሥነ ጥበባዊና በእደ ጥበባዊ ዋጋው ነው። ቤት ብቻ ወይም ሐውልት ብቻ አይልም። በተግባር ግን የምንመዘግበው ቤት ነው። ቤቱ በቅርስነት ሲመዘገብ የሚመጣው ባለሙያ ስለ ሰገነቱ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ጭቃና ድንጋዩ ይጽፋል፤ በሩ ላይ ስለተቸነከረው ቁጥር ግን የሚጽፍበት ሳጥን በቅጹ ላይ ካልተዘጋጀ አይጽፍም። ቤቱ ታድሶ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ታፔላው «ለማሳመር» ተብሎ ይነሳል። በጥበቃ ስም የሚጠፋ ቅርስ እንዲህ ያለ ነው፤ ከመፍረስ ያልተናነሰ ያሳዝነኛል።

ሰው ቤቱን እየለቀቀ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተለያየ ባለበት ጊዜ ስለ ቆርቆሮ መጨነቅ ተገቢ ነው ወይ የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። መልሴ ግን ቆርቆሮዋና ሰዎቹ አይለያዩም የሚል ነው። ከሠራተኛ ሰፈር ወይም ከዶሮ ማነቂያ ተነስቶ ከከተማዋ ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም የሄደ ቤተሰብ የኖረበትን ቤት አይወስድም፤ ዕድሩ ይበተናል፤ መንገዱ ራሱ አቅጣጫ ይለውጣል። እዚያ መኖሩን የሚመሰክርለት የመንግሥት ጽሑፍ በደጁ ላይ የነበረው ቁጥር ነው። የመታወቂያ ወረቀት ይታደሳል፤ አሮጌው ይመለሳል። የበር ቁጥር ግን እዚያው ነበር።

የሚያስፈልገው ገንዘብ ያን ያህል አይደለም፤ መንገድ ማጣመምም አያስፈልግም። አንድ ሕንፃ ለማዳን መንገድ መዞር ሊኖርበት ይችላል፤ አንድ ሰሌዳ ለማዳን ግን መፍቻና ካሜራ ይበቃል። ለሥራ ተቋራጩ በሚሰጠው የሥራ ዝርዝር ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፤ ከመፍረሱ በፊት በግድግዳ፣ በበርና በምሰሶ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ፎቶግራፍ ይነሳ፣ ቦታው በካርታ ይመዝገብ፣ ተነቅሎ በቁጥር ይቀመጥ። ቤቱ የሚቆም ከሆነ ታፔላው እዚያው ይቆይ፤ ቀለም ቀቢው ዙሪያውን ይቅባ። ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ የጎዳና ስሙ ሰሌዳ በዚያው ቦታ በሚቆመው አዲስ ግድግዳ ላይ ከአዲሱ ጎን ይሰቀል። የቤት ቁጥሩን ደግሞ የቤቱ ነዋሪ ከፈለገ ለእርሱ ይሰጥ፤ ከሁሉ የሚቀድም ባለመብት እርሱ ነው።

ለሥራ ሲባል አንስቶ መመለስ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡር ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። የይሁዳ አንበሳ ከለገሃር ተወስዶ ሮም ደርሶ ወደ ቦታው መጥቷል። እነርሱ ሐውልት ስለሆኑ ጠያቂ ነበራቸው። ጠያቂ ከተገኘ የትራፊክ መብራት እንኳ ይመለሳል፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን ሲዋሐዱ በምሥራቅ በርሊን የእግረኛ መብራት ላይ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተሣለው ባለ ባርኔጣ ትንሽ ሰው ሊጠፋ ሲል ነዋሪዎች ተሟግተው አቆይተውታል። ዛሬ በምዕራቡም በኩል ይበራል።

ቁሱ ራሱ ጥበቃውን አያከብድም። በጥንቃቄ የተሠሩ አሮጌ ሰሌዳዎች በቤታችን እንደምናውቃቸው ነጭ የብረት ሳህኖችና ጆጎች የተሠሩ ናቸው፤ የብርጭቆ ዱቄት ብረት ላይ ተነስንሶ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ይቀልጥና ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ቀለሙ ፀሐይ አይበላውም። ጠላቱ ድንጋይ ነው፤ አንድ ቦታ ከተፈነቀለ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። የዛሬዎቹ ምልክቶች ደግሞ የመኪናን መብራት መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን የለበሰ አሉሚኒየም ናቸው፤ ሌሊት ከድሮዎቹ በእጅጉ የተሻሉ ናቸው፤ ሽፋኑ ግን ከዓመታት በኋላ እየነጣ መቀየር ይፈልጋል። የድሮው ሰሌዳ ጠባቂ ሳይኖረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢሻገር አይገርምም።

በዚያን ቀን ፒያሳ ወጣቱ ቆርቆሮዋን ሲፈለቅቅ ሁለታችንም ያልጠበቅነው ነገር ታየ። በሩ ቡናማ ነበር፤ ቡናማው ሥር አረንጓዴ እንዳለ በተላላጠበት ይታያል። ቆርቆሮዋ ስትነሳ ግን መቃኑ ላይ በልኳ የተቆረጠች አራት ማዕዘን ወጣች፤ ፀሐይና ዝናብ ያልነካት፣ ትናንት የተቀባች የምትመስል ጥርት ያለች ሰማያዊ። ቤቱን በየጊዜው የቀቡት ሰዎች ቁጥሯን አንድም ጊዜ አላነሷትም፤ ዙሪያዋን እየዞሩ ቀብተው ነበር። ወጣቱ በአውራ ጣቱ ዳበሳት። «ሰማያዊ ነበር ለካ ቤቱ» አለኝ። ከዚያ በሩን ከጓደኛው ጋር አንስተው መኪናው ላይ ጫኑት።